«መጣሁ» ያለው ሙቅ ውሃ

ይህን ታሪክ ሰምታችሁ ስታበቁ «ሰውዬው ዛሬም ጨመረበት» እንደምትሉ አውቃለሁ። የሰፈሩ ሰው የሚጠራኝ «አቶ ጨምርበት» እያለ ነው፤ እናቴ ያወጣችልኝን ስም የሚያስታውሰው መታወቂያዬ ብቻ ነው። የዛሬው ግን ሌላ ነው። አንዲት ቃል ብዋሽ መፍቻ የያዝኩበት እጄ ይድረቅ፣ የከፈትኩት ቧንቧ ሁሉ አቧራ ይትፋ፣ እትዬን አልይ። እትዬን አልይ ካልኩ ደግሞ ጨዋታ የለም።

እትዬ ታላቅ እህቴ ናት። እናታችን ቶሎ ስላለፈች ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ፊደሉንም ኩርኩሙንም የቀመስኩት ከእሷ እጅ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ የልብስ ማጠቢያ ድርጅት የሆቴል አንሶላ አጥባለች። ሰው ተኝቶ የተነሳበትን አንሶላ እንጂ አንሶላው የሚነጠፍበትን አልጋ በዓይኗ አይታ አታውቅም። ከቀዝቃዛ ውሃ ሳይወጡ የኖሩ ጣቶቿ እንደ ዝንጅብል ተጣመዋል፤ ጉልበቷማ ዝናብ መምጣቱን ከሬዲዮ በፊት ነው የሚናገረው። ምኞቷ አንድ ነበር።

«አንድ ቀን» ትል ነበር ጉልበቷን እያሸች፣ «አንድ ቀን ብቻ፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ እስከ አንገቴ ተዘርግቼ፣ አንሶላዬን ሌላ ሰው ሲያጥብልኝ።»

ጡረታ ስትወጣ ድርጅቱ የስጦታ ወረቀት ሰጣት። ባለ አምስት ኮከብ ሆቴል፣ ቅዳሜ ገብቶ እሑድ ስድስት ሰዓት መውጫ፣ ለሁለት ሰው። ባሏ ካረፈ ቆይቷል፤ ልጇም ሩቅ ናት። ስለዚህ እኔን መረጠች። «አንተን ጥዬህ ብሄድ ስመለስ ጣሪያው ቦታው ላይ አይጠብቀኝም» ብላ ነው እንጂ ለፍቅር ብላ አይደለም።

አንዲት የሥራ ባልደረባ አለቻት፤ ለሁሉም ነገር «አልነገርኩሽም?» ስለምትል ስሟም «አልነገርኩሽም» ሆኖ ቀርቷል። ወረቀቱን አይታ ከንፈሯን መጠጠች። «ተይ እቴ፣ ለእኛ ቢጤ ሙቅ ውሃ አይወጣም። ቧንቧም ሰው ያያል!» እትዬ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ ግን ሰኞ ሽኝት ነበራት፣ ሰኞ ደግሞ «አልነገርኩሽም» አፏን ከፍታ እንደምትጠብቃት ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ስለ እኔ ትንሽ ልበላችሁ። ትምህርትና እኔ ሰባተኛ ክፍል ላይ ተከባብረን ተለያየን። ከዚያ በኋላ የከተማው ግማሽ ሕንፃ ሲሠራ ሲሚንቶ ተሸክሜያለሁ፤ አሁን የቧንቧ ሠራተኛ ነኝ። እትዬ ፊደል ስታስቆጥረኝ ያስለቀስኳት በ«ቀ» ነው። የእኔ «ቀ» ራሷ አብጦ ወደ ግራ ያዘነብላል። «ይቺ ቀ ጆሮ ደግፍ ይዟታል!» ትልና በእርሳሱ ጫፍ ጭንቅላቴን ትወጋኛለች። በኋላ ለምን እንዳነሳሁት ይገባችኋል።

ሆቴሉ በር ላይ የሚታደለውን ወረቀት እትዬ እንደ ጸሎት መጽሐፍ በሁለት እጇ ይዛ አነበበችው። «ከመስኮትዎ ባሕሩን ይመልከቱ። ሙቅ ውሃ ሃያ አራት ሰዓት። ጉም የሚለብሰው ድንቅ ፏፏቴ።» ፏፏቴው እውነት ነበር። መግቢያው አዳራሽ መሃል ላይ እብነ በረድ ገንዳ ውስጥ ይፈሳል፤ ከላዩ ነጭ ጉም ይነሳል። ገንዳው ጠርዝ ላይ አንድ ወፍራም ድመት ሆዱን ለጥጦ ተኝቷል። ውሃው ውስጥ አራት ቀያይ ዓሦች አሉ፤ ጠጋ ብዬ ሳያቸው ፕላስቲክ ናቸው፤ አንደኛዋ ሆዷ ላይ የፋብሪካ ማኅተም አለባት።

እንግዳ ተቀባይዋ ፈገግታዋ የማይጠፋ ልጅ ናት። ቁልፍ ሰጠችንና ስለ ፎጣ ስንጠይቃት «መጣሁ!» ብላ ሄደች። እንግዲህ በቋንቋችን «መጣሁ» የሚል ሰው እየሄደ መሆኑን ሕፃን ልጅም ያውቃል። ግን ሌላው ሰው ሄዶ ይመለሳል። እዚያ ሆቴል «መጣሁ» ማለት «ደህና ሁኑ» ማለት ነው።

ሊፍቱ ሁለተኛ ፎቅ ድረስ ወሰደንና ደከመው። የቀረውን በእግራችን ወጣን። ክፍሉ ውስጥ ሁለት አልጋ፣ አንድ እጅጌ የጎደለው የመታጠቢያ ካፖርት፣ ሁለቱም የግራ እግር የሆኑ ነጠላ ጫማዎች። መስኮቱን ስከፍት ባሕሩ አፍንጫዬ ሥር ነው! እጄን ብሰድ ነካሁት። የጎረቤቱን ሕንፃ ግድግዳ ሰማያዊ ቀለም ቀብተው ማዕበል ሥለውበታል። አንድ ጀልባም አለ፤ ከጀልባው መሃል የሰው ቤት የፍሳሽ ቱቦ ይወጣል።

«ይሁን» አለች እትዬ። «እኔ ለባሕር አልመጣሁም።»

መታጠቢያ ቤቱን ስትከፍት ግን እስትንፋሷን ዋጠች። ገንዳው ነጭ፣ ረጅም፣ አንድ ሰው ከነሐሳቡ የሚዘረጋበት ነው። ጠርዙን በመዳፏ ዳሰሰችው። ቀዩን መክፈቻ አዞረች። ቧንቧው አሳለው፣ አፏጨ፣ አንድ ነገር ሊናገር ጀመረና ውሃ ተፋ። እጇን ሰዳ ቶሎ መለሰች። ሰማያዊውን ከፈትኩት፤ የቀዩ መንትያ ወንድም። ልዩነታቸው ቀለማቸው ብቻ ነበር።

ስልክ አንስቼ የእንግዳ መቀበያውን ቁጥር መታሁ።

«ሃሎ! ፎጣው ተገኘ?» አለ ወፍራም የወንድ ድምፅ።

«ምን ፎጣ? እኛ ሙቅ ውሃ ነው የምንፈልገው።»

«ውይ፣ እንግዳ ተቀባይዋ መስላችሁኝ! እኔ የጎን ክፍል እንግዳ ነኝ። የሆቴሉ ስልክ ሁሉ የሚጮኸው እኔ ጋ ነው። ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፤ ፎጣ ከጠየቅሁ ሦስተኛ ቀኔ ነው።»

«ታዲያ ለሚደውለው ምን ይላሉ?»

«ምን እላለሁ ልጄ፣ ‹መጣሁ› እላለሁ!»

ሥራ አስኪያጁን ያገኘነው በእግራችን ወርደን ነው። ከረባቱ እስከ ቀበቶው፣ ፀጉሩ በቅባት የተኛ ሰው ነው።

«ሙቅ ውሃ አለ» አለ። «እየመጣ ነው።»

«ከየት ነው የሚመጣው? በእግሩ ነው?» አልኩት።

«ወንድሜ፣ ሙቀት የስሜት ጉዳይ ነው።» ከዚያ ወደ እትዬ ዞሮ ድምፁን እንደ መስማት ለተሳነው ሰው ከፍ አደረገ። «እናቴ፣ መክፈቻው አዲስ ሆኖብዎት እንዳይሆን። ቀይ ያለበት ነው፣ እሺ? ቀ-ይ!»

እትዬ የሆቴል ነጭ ልብስ ስታነጣ የኖረች ሴት ናት፤ በፊቱ ቆማ የሸሚዙን ኮሌታ ብቻ አየችው። «ይህን ኮሌታ ያጠበው ሰው ሳሙናውን አላስለቀቀውም» አለችና ወደ ደረጃው ሄደች። ሰውዬው የቀረውን ቀን ሁሉ አንገቱን ሲያክ ነበር።

ቅዳሜ እንዲህ አለፈ። በየሰዓቱ ቀዩን እንከፍታለን፣ በየሰዓቱ እንዘጋለን። ውሃ ወቀጣ ማለት ምን እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ።

እሑድ ጠዋት ስነሳ እትዬ አልጋዋ ላይ የለችም። መታጠቢያ ቤቱ በሩ ገርበብ ብሏል። ስመለከት እትዬ ደረቁ ገንዳ ውስጥ፣ ልብሷን እንደለበሰች፣ እግሯን ዘርግታ፣ ጭንቅላቷን ጠርዙ ላይ አስደግፋ ተኝታለች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ርዝመቱን ልለካው ብዬ ነው» አለች ዓይኗን ሳትገልጥ። «ልክ ነው። ልኬ ነው።» ጠርዙን በመዳፏ እየዳበሰች፣ «ሰኞ ምን እላታለሁ?» አለች።

«ልዋሽልሽ? ከእኔ የተሻለ ዋሾ የት ታገኛለሽ! እስከ አንገቷ ነበረች፣ አረፋው ጣሪያ ነክቶ ነበር እላታለሁ።»

«አይ ወንድምዬ። ውሸት አያሞቅም።» ተነሳች፤ ጉልበቷ ቀጭ አለ። «ዕቃህን ሰብስብ። እቤት በሳፋ እታጠባለሁ።»

እኔ ሰው ሲስቅብኝ ግድ የለኝም፤ ሥራዬ ነው። ያቺ «በሳፋ» ያለቻት ቃል ግን ጎኔን ወጋችኝ። ከተማውን ሙሉ ቧንቧ ሲገጥም የኖረ ሰው ለገዛ እህቱ አንድ ገንዳ ሙቅ ውሃ ያጣል? መፍቻዬን ከቦርሳዬ አወጣሁ። አዎ፣ መፍቻዬን ሆቴል ይዤ ሄጃለሁ። ሰው ጥርሱን ጥሎ ይሄዳል?

አዳራሹ ስወርድ ድመቱ እዚያው ጠርዝ ላይ ነው። ትናንትም እዚያው፣ ዛሬም እዚያው። ድመት ሙቀት ያለበትን ቦታ ከማንኛውም የቧንቧ ሠራተኛ በላይ ያውቃል። ቆም አልኩ። ጉሙን አየሁ። ድመቱን አየሁ። ጣቴን ፏፏቴው ውስጥ ነከርኩ፤ ሳወጣት በስላ ነበር!

«እነዚህ ዓሦች ለምን ፕላስቲክ ሆኑ?» አልኳት እንግዳ ተቀባይዋን።

ግራ ቀኝ አየችና አፏን በእጇ ከለለች። «ሦስት ጊዜ እውነተኛ ዓሣ አስገብተን ነበር። ሦስቱንም ጊዜ ወጥ ቤቱ አመሰገነን።»

ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላስታውስም። «እትዬ! ሙቅ ውሃው አለ! ለጌጥ እየፈሰሰ ነው!»

ማሞቂያው ምድር ቤት ነው፤ ምድር ቤቱ ደግሞ «ለሠራተኛ ብቻ» ይላል። እኔ በሩ ላይ ስንገታገት እትዬ አየሩን በአፍንጫዋ ሳበች። «ሳሙና። ማጠቢያው በዚህ ነው» አለችና የገዛ ቤቷ እንደሆነ ሁሉ ዘልቃ ገባች። ውስጥ አንዲት አጣቢ እጅጌዋን ሰብስባ አንሶላ ትጨምቃለች። ልታባርረን አፏን ስትከፍት የእትዬን ጣቶች አየች። አፏን መልሳ ዘጋችው።

«ስንት ዓመት?» አለች።

«ሠላሳ አንድ።»

«እኔ አሥራ አራት።» እጇን በሽርጧ አድርቃ እትዬን ጨበጠቻት፤ ከዚያ ምንም ሳትጠይቅ የማሞቂያውን ክፍል ቁልፍ ከምስማር ላይ አወረደች። «እኛም በበረዶ ነው የምናጥበው። ሆቴሉ ከተከፈተ ጀምሮ! ብንናገር ‹መጣሁ› ይሉናል።»

ክፍሉ ውስጥ ማሞቂያው እንደ ጠገበ በሬ ያጉረመርማል። ከእሱ አንድ ቧንቧ ይወጣል፤ ከቀዝቃዛው ማጠራቀሚያ ሌላ አንድ ይወጣል። ግድግዳው ላይ ደግሞ ወደ ላይ የሚሄዱ ሁለት አሉ፤ አንዱ ወደ ክፍሎቹና ወደ ማጠቢያው ቀይ መክፈቻ፣ አንዱ ወደ ፏፏቴው። የማሞቂያው የተገጠመው ከፏፏቴው ጋር ነው። የቀዝቃዛው ደግሞ ከቀዩ መክፈቻ ጋር። እና በማሞቂያው ቧንቧ ላይ፣ አቧራ የሸፈነው፣ በቀይ ቀለም የተጻፈ አንድ ፊደል አለ፦ «ቀ»።

«አሃ!» አልኩ። «ይሄውልሽ እትዬ፣ ነገሩ እንዲህ ነው የሆነው። አለቃው አንዱን የቀን ሠራተኛ ‹የሙቁን ቧንቧ ቀይ ቀባው› አለው። ሠራተኛው መቀባት ሲጀምር ጣሳው ውስጥ ያለው ቀለም ለአንድ ፊደል እንጂ ለአንድ ቧንቧ አይበቃም። ታዲያ ቀይ ለማለት ‹ቀ› ብሎ ጽፎበት ሄደ። በማግስቱ ገጣሚው መጣ፣ ‹ቀ› የሚለውን አየ፣ ‹ቀዝቃዛ ማለት ነው› አለና ፏፏቴው ላይ ገጠመው! በቃ። አንድ ፊደል ይህን ሁሉ ሰው አቀዘቀዘች። ቀለሙ ያለቀው ሐሙስ ዕለት ይሆናል፣ ከምሳ በኋላ።»

«ሐሙስ መሆኑን በምን አወቅህ?» አለች እትዬ።

«ግምት ነዋ! ፊደሉን ማን እንደጻፈው ሰማይና ምድር ይወቀው።»

እትዬ ጎንበስ ብላ አቧራውን በጣቷ ጠረገችና ፊደሏን አየች። ራሷ አብጦ ወደ ግራ ያዘነበለች «ቀ» ነበረች። ከዚያ እኔን አየችኝ። መፍቻውን ብቻ አቀበለችኝ።

ዋናውን ውሃ ዘጋሁ። ሁለቱን መጋጠሚያ ፈታሁ። ዝገቱ አንድ ላይ አጋብቷቸው ስለነበር አልላቀቅም ብለው ነበር፤ አጣቢዋ መፍቻውን ከእኔ ጋር ይዛ አንዴ ስትስበው ግን አንሶላ የሚጨምቅ ክንድ ምን ማለት እንደሆነ አየሁ። ቧንቧው ወገቡ እንደተያዘ ሌባ «እሺ!» ብሎ ለቀቀ። አቀያየርኳቸው፣ ውሃ እንዳያንጠባጥቡ ቴፍሎን ጠመጠምኩባቸው፣ አጠበቅሁ። የአጣቢዋ ሰዓት ስድስት ከሩብ ይላል። እትዬን ወደ ክፍላችን ላክኋት፣ አሥር ደቂቃ ጠበቅሁ፣ ዋናውን ውሃ ለቀቅሁ።

መጀመሪያ ጸጥታ። ከዚያ ቧንቧው በግድግዳው ውስጥ እየተንጎዳጎደ ሲወጣ ይሰማኛል፤ አንደኛ ፎቅ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ከላይ፣ ከደረጃው አናት፣ የመምህሩ ድምፅ እንደ ትምህርት ቤት ደወል ጮኸ፦

«መጣ!»

ከሌላ ፎቅ አንዲት ሴት ተቀበለችው፤ «መጣ! መጣ!» በሮች ተከፈቱ። ሕፃናት ኮሪደሩ ላይ እየሮጡ «መጣ!» ይላሉ። ማጠቢያው ውስጥ አጣቢዋ ሁለት እጇን እስከ ክርኗ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራ ትስቃለች፣ ደግሞ ታለቅሳለች። እንግዳው ሁሉ በሳሙና አረፋ ተሸፍኖ አዳራሹ ድረስ ወርዶ አጨበጨበልኝ፤ መምህሩ ፎጣ ስለሌለው መጋረጃ ጠምጥሞ ነበር።

አዳራሹ ውስጥ ግን ፏፏቴው ጉሙን አጣ። ድመቱ አንድ ዓይኑን ገለጠ፣ መዳፉን ውሃው ውስጥ ነከረ፣ በንቀት አራገፈና አንድም ጊዜ ሳይዞር በበሩ ወጥቶ ሄደ።

ሥራ አስኪያጁ እየሮጠ መጣ። «ጉሙ! ጉሙ የታለ? ማን ነው ጉሜን የነካው?»

«ጉምዎ ፎቅ ላይ ነው፤ እህቴ ለብሳዋለች» አልኩት።

ሊቆጣ ፈልጎ ነበር፤ ያን ሁሉ በአረፋ ተሸፍኖ የሚያጨበጭብ ሰው ሲያይ ግን ከረባቱን ማቃናት ጀመረ። ሰዓቱን አየ። «ስድስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ቢያንስ የእናንተ ጊዜ አልፏል!» ብሎ ደረጃውን ወጣ፤ እኔም ተከተልኩት። በሩን አንኳኳ።

«እናቴ፣ ሰዓት አልፏል! ክፍሉን ይልቀቁ!»

ከውስጥ የውሃ መንቦጫረቅ ተሰማ። ከዚያ የእትዬ ድምፅ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ከሰማሁት ሁሉ የለሰለሰ፦

«መጣሁ!»

ሰውዬው ቆመ። ጠበቀ። ሰባት ሰዓት ላይ አንኳኳ። «መጣሁ!» ስምንት ሰዓት ላይ አንኳኳ። «መጣሁ፣ መጣሁ!» መምህሩ በሩን ከፍቶ ወንበር አወጣለት። «ይቀመጡ ጌታዬ፤ እኔ ሦስት ቀን ጠብቄያለሁ።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ እትዬ አንድ እጅጌ የጎደለውን ካፖርት ለብሳ ወጣች። ፊቷ እንደ አዲስ አንሶላ ይበራል። ጣቶቿን ዘረጋቻቸው፣ አጠፈቻቸው፣ እንደገና ዘረጋቻቸው። በሥራ አስኪያጁ አጠገብ ስታልፍ አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ «ልክ ነበሩ ልጄ» አለችው። «ቀይ ያለበት ነው።»

ዕቃችንን ይዘን ስንወርድ ሰውዬው ከኋላዬ ነው። ወጥ ቤቱም እንዲህ አድርጎታል፣ ሊፍቱም እንዲህ አድርጎታል፣ ስልኩም አለ፤ እባክህ አንድ ጊዜ ብታየው ይለኛል። ቁጣው ቀርቶ በትሕትና ይለምነኛል። በሩን በአንድ እጄ ይዤ ወደ እሱ ዞርኩ፣ ፈገግ አልኩ።

«መጣሁ!» አልኩት።

ሰኞ ሽኝቱ ላይ ነበርኩ። «አልነገርኩሽም» ገና እትዬ ሳትቀመጥ ዓይኗን አፍጥጣ መጣች። «እሺ፣ ወጣልሽ?» እትዬ አልመለሰችም። ሁለት እጇን አንስታ ጣቶቿን በሴትዮዋ ፊት ዘረጋች፤ አሥሩም ቀጥ ብለው ቆሙ። ከዚያ ሠላሳ አንድ ዓመት ስትሰማው የኖረችውን ቃል ቀስ አድርጋ፣ እያጣጣመች መለሰችላት፦

«አልነገርኩሽም?»

እንግዲህ ታሪኩ ይሄው ነው። «ድመቱን ጨመረበት» የምትሉ አላችሁ፤ ድመቱ እውነት ነው። ባሕሩ እውነት ነው፤ ዓሦቹም፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ እውነት ናቸው። እትዬን አልይ ብዬ ስለማልኩ ግን አንዲት ነገር ማቅናት አለብኝ፤ እሷ ስትሰማው በእርሳስ ጭንቅላቴን ከመውጋቷ በፊት። ፊደሉን ማን እንደጻፈው ሰማይና ምድር ይወቀው ያልኩት፣ እሱ ብቻ ፈጠራ ነው። ሐሙስ ዕለት ነበር፣ ከምሳ በኋላ፤ ቀለሙም በእውነት አልቆብኝ ነበር።